አቮካዶዎ የሞተው በጥማት አይደለም

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ቤት ሠርተን ከገባን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ከቤቱ ጀርባ ስድስት ሜትር በአሥራ አምስት ሜትር የሚሆን ጓሮ አለኝ፤ አፈሩ ጥቁር ነው። የተዳቀለ አቮካዶ ሁለት ጊዜ ገዝቼ ተከልሁ፤ ሁለቱም ነሐሴ ላይ ጠውልገው ደረቁ። ውሃ አልጎደለባቸውም፤ እንዲያውም ሲጠወልጉ ጨምሬ አጠጣኋቸው። አራት ፓፓያም እንዲሁ ሆነብኝ። አሁን ለልጅ ልጆቼ ፍራፍሬ፣ ለጓዳ የሚሆን አትክልት፣ ከዓመት ዓመት የሚቆይም ተክል እፈልጋለሁ፤ ምን ልግዛ? ጎረቤቴ ደግሞ ‹እምቦጭ አምጥተሽ አፈሩ ላይ አልብሺው› ትለኛለች፤ ልስማት?»

ምላሽ፦ መምህርት፣ ምን ልግዛ ወደሚለው ከመሄዴ በፊት ስለ ሞቱት ልናገር፤ የሚገዙትን የሚወስነው የእነርሱ አሟሟት ነውና። አቮካዶዎችዎ በጥማት አልሞቱም፤ ሰምጠው ነው የሞቱት። በነሐሴ፣ አፈሩ ጭቃ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ የሚጠወልግ ተክል ያጣው ውሃውን አይደለም፤ ውሃ የሚጠጣበትን ሥር ነው። የአቮካዶ መጋቢ ሥሮች ቀጫጭን ናቸው፤ ከላይ ከላይ ይሄዳሉ፤ እንደ እኛው አየር ይፈልጋሉ። በአፈሩ ውስጥ ያለው ክፍተት ሁሉ በውሃ ሲሞላ ይታፈናሉ። ከዚያም ፋይቶፍቶራ የሚባል፣ በረጠበ አፈር ውስጥ በውሃ እየዋኘ የሚጓዝ ሥር አበስባሽ ይደርስባቸዋል። ቆፍረው ቢያዩት ኖሮ ሥሩ ነጭነቱን ለቆ ጠቁሮ፣ ሲነኩት ፍርክስክስ ሲል ያገኙት ነበር። እርስዎ ደግሞ ሲጠወልግ አይተው አዘኑለትና ውሃ ጨመሩበት። በዚህ ራስዎን አይውቀሱ፤ ይህን ያላደረገ አትክልተኛ በዚህ ከተማ አላውቅም።

እኔም አድርጌዋለሁ። ሙያውን ተምሬ ከወጣሁ በኋላ፣ ማለትም ማወቅ ሲገባኝ፣ በአባቴ ግቢ ዋልካ ላይ፣ ማለትም እንደ እርስዎ ጓሮ ባለ ውሃ በማያሳልፍ ጥቁር አፈር ላይ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ጉድጓድ ቆፈርሁ። የወጣውን ጥቁር አፈር ጣልሁና በተብላላ ፍግና ከዛፍ ሥር በተጠረገ ለም አፈር ሞላሁት። ለዓይን ደስ የሚል ጉድጓድ ነበር። አቮካዶው እስከ ሐምሌ አጋማሽ አማረበት፤ መስከረም ላይ ነቅዬ ጣልሁት። ዋልካ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ እንስራ ማለት ነው። ዙሪያው ውሃ አያሳልፍም፤ መካከሉ ግን ለስላሳ ስለሆነ በግቢው የሚፈሰው ሁሉ እዚያ ይገባል፤ ከገባ በኋላ መውጫ የለውም። ጉድጓዱ በጠለቀ፣ የተሞላበትም አፈር ባማረ ቁጥር እንስራው ይሰፋል እንጂ ተክሉ አይጠቀምም።

ሽምብጥ መሆንዎም ሌላ ነገር ነው። ባሕር ዳር በአንድ ስም ትጠራ እንጂ ለተክል አንድ ከተማ አይደለችም። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ከፍ ሲሉ የዘነበው ቁልቁል ይሄዳል፤ ከሐይቁ ዳር ያለው ሜዳ ግን ከሥርም ውሃ አለበት። ጣና ሞልቶ ከፍተኛው ደረጃ ላይ የሚደርሰው ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌ ሳይሆን ዘግይቶ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ሰማዩ ጠርቶ አደይ አበባ ከወጣ በኋላ እንኳ በዳር ባሉ ግቢዎች ጥቂት ሲቆፍሩ ውሃ የሚያገኙት ለዚህ ነው።

ቁጥሩንም እንየው። በከተማችን በዓመት 1,400 ሚሊሜትር ገደማ ይዘንባል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት አራት ወራት ነው። በእርስዎ 90 ካሬ ሜትር ላይ ይህ ወደ 126,000 ሊትር ይጠጋል፤ በሃያ ሊትር ጀሪካን ከ6,000 በላይ። ይህ በቀጥታ ከሰማይ የሚወርደው ብቻ ነው። የቤቱ ጣሪያ በጓሮው በኩል አሸንዳ አለው? ስለ እርሱ አልጻፉልኝም፤ እኔ ግን የለውም ብዬ ጠርጥሬአለሁ። ወደ ኋላ የሚያፈሰው የጣሪያ ክፍል 50 ካሬ ሜትር ቢሆን በጓሮዎ ላይ ሌላ ግማሽ ክረምት ይጨምርበታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ግዢዎ ችግኝ አይሁን፤ አሸንዳ ይሁን። ውሃውን በበርሜል ይቀበሉት፤ የተረፈውን ወደ መንገዱ ቦይ ያውጡት።

አሁን ሐምሌ ስለሆነ መፈተኛው ጊዜ ይኸው ነው። በጓሮው ሦስት ቦታ፣ ከቤቱ አጠገብ፣ ከመካከልና ከአጥሩ ሥር፣ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያላቸው ጠባብ ጉድጓዶች ያስቆፍሩ። ውሃ ይሙሉባቸውና እስኪሰርግ ይጠብቁ፤ እንደገና ይሙሉና ዝናብ እንዳይገባ በቆርቆሮ ይክደኑ። በማግስቱ ጠዋት ባዶ ሆኖ ያገኙት ቦታ የፈለጉትን ያበቅላል። በሁለተኛው ቀንም ውሃ የቆመበት ቦታ አቮካዶና ፓፓያ በጭራሽ አይተከልበትም፤ ቢያንስ ከመሬቱ እኩል አይተከልም። ሳይሞሉት ከሥር ውሃ ያፈለቀ ጉድጓድ ካለ ደግሞ እርሱ የሸንኮራ ቦታ ነው፤ አይታገሉት።

ሐምሌ በአገራችን የችግኝ ወር ነው፤ ሁሉም አካፋ ይዞ ይወጣል። ለተራራና ለተዳፋት ልክ ነው። ለእርስዎ ጓሮ ግን ልክ አይደለም። በሐምሌ የተተከለ ለጋ ሥር ውሃ ውስጥ ተተከለ ማለት ነው። ውሃ የማጠጣት አቅም እስካለዎት ድረስ ዛፎቹን ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ይትከሉ። እስከሚቀጥለው ሰኔ ስምንት ወር ገደማ ያገኛሉ፤ በዚያ ጊዜ ሥሩ ይሰፋል፤ ክረምቱም ሲመጣ ጠንክሮ ይጠብቀዋል። በበጋው ለእያንዳንዱ ለጋ ዛፍ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ጀሪካን ውሃ ይበቃዋል፤ ከሥሩ አራት ጣት የሚሆን የደረቀ ሣር ጉዝጓዝ ካለበት። ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ።

አተካከሉም ይለወጣል። አይቆፈርም፤ ይከመራል። መሬቱን በዶማ ላይ ላዩን ብቻ ያስፈታቱና ከላዩ ስድሳ ሳንቲሜትር ከፍታ፣ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ጉብታ ያድርጉ። ከውጭ በጋሪ የመጣ ቀይ አፈር፣ የራስዎ ጥቁር አፈርና የተብላላ ፍግ በደንብ ተደባልቀው ይሁኑ፤ አንዱን ባንዱ ላይ መደራረብ ውሃውን መካከል ላይ ያቆመዋል። ጉብታው በመጀመሪያው ዓመት ስለሚሰጥም መጀመሪያ ከሚያስቡት ከፍ ይበል። ዙሪያውን በድንጋይ ቢይዙት ያምራል፤ በሲሚንቶ ግን አይለስኑት፤ ያኔ እንስራውን ከመሬት በላይ ሠሩት ማለት ነው።

በዚህ ጉብታ ላይ አቮካዶን አንድ ጊዜ ይሞክሩት፤ ሦስተኛ ዕድል ይገባዋል። ሃስ የሚባለውን ዝርያ ይውሰዱ፤ በቆጋ መስኖ ገበሬዎች የሚያለሙት እርሱን ነው፤ ስለዚህ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። የተዳቀለው በሦስት ወይም በአራት ዓመት ያፈራል፤ ከፍሬ የበቀለው ግን ከዚያ እጥፍ ሊያስጠብቅ ይችላል፤ ምን እንደሚያፈራም አስቀድሞ አይታወቅም። «አንድ ብቻውን አያፈራም» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ነገሩ መነሻ አለው፤ የአቮካዶ አበባ መጀመሪያ እንደ ሴት ይከፈታል፤ ይዘጋና በማግስቱ እንደ ወንድ ይከፈታል። ሃስ በሴትነቱ የሚከፈተው ጠዋት ነው፤ እንደ ፉዌርቴና ኤቲንገር ያሉት ደግሞ ከሰዓት በኋላ። ሁለቱ ሲጎራበቱ ንቧ ታገናኛቸዋለች፤ ፍሬውም ይበዛል። ነገር ግን ብቻውን የቆመም ያፈራል፤ በሽምብጥ ደግሞ ከአጥር ማዶ አቮካዶ የሌለው ሰው ብርቅ ነው። ለጎረቤት ዛፍ ቦታ አይግዙለት።

ፓፓያ ከአቮካዶም ይብሳል፤ ሥሩ ሁለት ቀን በቆመ ውሃ ውስጥ ከዋለ ብዙውን ጊዜ አይተርፍም። ጉብታ ላይ ይሁን፤ በአንድ ቦታ ሦስት ችግኝ ይትከሉ። ምክንያቱ ፓፓያ ወንድና ሴት ስላለው ነው፤ አበባ እስኪያወጣ ማንም አይለየውም፤ ሻጩም ቢምል አይመኑት። አበባው በረጅም ዘንግ ተንጠልጥሎ በብዛት የሚወጣው ወንድ ነው፤ ከግንዱ ተጠግቶ ወፍራም ሆኖ የሚወጣው ያፈራል። የሚያፈራውን አንዱን ይተዉና ሌሎቹን ይቁረጡ፤ በሰፈሩ ወንድ ፓፓያ ከሌለ ግን አንድ ወንድ ለማዳቀያ ያቆዩ። የልጅ ልጆችዎ ቶሎ የሚበሉት ይህንኑ ነው፤ በዓመት ወይም በዓመት ተኩል።

የጉድጓዱ ፈተና ከመጥፎም መጥፎ ሆኖ ከወጣ አቮካዶውን ይርሱትና ዘይቱን ይትከሉ። ሰው ዘይቱንን ይንቃል፤ እኔ ግን ለሐይቅ ዳር ጓሮ ከእርሱ የተሻለ ወዳጅ አላገኘሁም። እርጥበቱን ይችላል፤ ድርቁንም ይችላል፤ ቢቆረጥ ያቆጠቁጣል፤ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ አድርገው እየገረዙ ቢይዙት ልጅ ያለ መሰላል ይለቅመዋል። ፍሬው ሳይበስል ካልተለቀመ የፍሬ ዝንብ ትል ይገባበታል፤ ቢጫ መሆን ሲጀምር ይልቀሙትና ቤት ውስጥ ይብሰል።

ማንጎ ከአቮካዶ ይልቅ ለጊዜው የቆመ ውሃን ይታገሣል። ግን ሁለት ነገር ይያዙ። አንደኛ፣ ዛፉ ሲያድግ ከጓሮዎ ግማሹን በጥላ ይወርሰዋል፤ አቮካዶም ማንጎም ብሎ ነገር በ90 ካሬ ሜትር የለም፤ አንዱን ይምረጡ። ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በወለጋ የታየው፣ ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስለው ነፍሳት ወደ እኛም ደርሷል፤ የፍሬውን ልጣጭ ያበላሸዋል። ዛፉ በየዓመቱ ከለቀማ በኋላ መካከሉ ተገርዞ አየርና ብርሃን ካላገኘ መድኃኒት መርጨት ብቻውን ብዙ አይረዳም። አባቶቻችን የተከሏቸው ትልልቅ ማንጎዎች ላይ ሰው ወጥቶ መግረዝ ስለማይችል ነው ነፍሳቱ እዚያ የሰፈረው።

ለሙዝ ቦታውን እርስዎ ሳይሆኑ መታጠቢያ ቤትዎ ይመርጥለት፤ የሰውነት መታጠቢያ ውሃ የሚወጣበት አፍ ላይ አንድ እግር ይትከሉ። ከአንድ ጉጥ ሦስት ግንድ ብቻ ይተዉ፦ ያፈራ፣ ሊያፈራ ያለና ሕፃን። ሎሚ ከፍ ካለ ቦታ ይግባ፤ ግንዱ ላይ አፈር አይቆለልበት፤ የተዳቀለበት ቦታ ከአፈሩ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፤ አለዚያ ከሥር ሙጫ እያወጣ ይበሰብሳል። ከሎሚና ከብርቱካን አንዱን ብቻ የሚተክሉ ከሆነ ሎሚን እመርጣለሁ፤ ብርቱካን በእርጥብ አየር ፍሬውን ከሚያጠቁር የፈንገስ በሽታ ጋር ዘወትር ትግል ነው።

ፖም ግን አይግዙ። በመንገድ ዳር «ለባሕር ዳር የሚሆን» ተብሎ ሲሸጥ አይቻለሁ። ፖም አበባ ለማውጣት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዓታት ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ በጋሞ ደጋ፣ ጨንቻ ላይ የሚያምረው ከፍታው ለባሕር ዳር የማይታሰብ ስለሆነ ነው። የእኛ ከተማ ግን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቅጠል ብቻ የሚሰጥ ዛፍ ከፈለጉ ከዚያ ያነሰ ዋጋ ያላቸው ሞልተዋል።

ስለ ቋሚ ተክል ሲያስቡ ከጀልባ ወርደው ወደ ዘጌ ገዳማት የሄዱበትን ቀን ያስታውሱ። ዘጌ በአባቶች ቃል መሠረት በበሬ አይታረስም፤ ኑሮው የቆመው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። መንገዱን ሲሄዱ ከላይ ትልልቆቹ ዛፎች፣ በጥላቸው ሥር ቡና፣ ዳር ዳሩን ጌሾ ያያሉ፤ መሬቱ ዓመቱን ሙሉ በወደቀ ቅጠል እንደተሸፈነ ነው። የእርስዎም ጓሮ በትንሹ እንዲሁ ይሁን። አቮካዶው ወይም ማንጎው ጥላ መጣል ሲጀምር፣ በሦስተኛው ዓመት አካባቢ፣ በጥላው ጠርዝ ሦስት አራት የቡና እግር ያስገቡ። ዛሬ በጠራራ ፀሐይ አይትከሉት። ጌሾን ከአጥሩ ጋር ያሰልፉት፤ እየቆረጡት ይኖራል። ኮባም አንድ እግር አይጠላም፤ ለድፎ ዳቦ ቅጠል ፍለጋ ከሰው ግቢ ከመለመን ያድናል።

ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠልና ኮሰረት እግራቸው ሲረጥብ አይወዱም፤ በተለይ የጥብስ ቅጠል በዋልካ ላይ አንድ ክረምት አይሻገርም። ለእነርሱ ከታቹ የተበሳ የዘይት ጀሪካን ወይም አሮጌ ባልዲ ይበቃል፤ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ወደ ወጥ ቤቱ በር ይጠጉ፤ ቡና ሲፈላ ጤና አዳም ለመቁረጥ ጭቃ መርገጥ አይገባዎትም። ጠጅ ሣር ግን የትም ቢጥሉት ይበቅላል።

አሁን አትክልት። እዚህ ላይ የእኔ ሐሳብ ከብዙዎች ይለያል፦ ፎገራ የሚያመርትልዎትን አያምርቱ። ሽንኩርት ለወራት ቦታ ይይዝብዎታል፤ ከፎገራ የሚመጣው ደግሞ ገበያ ላይ አለ፤ ተቀምጦም አይበላሽም። ድንችም እንዲሁ። በጓሮ የሚተከለው ከገበያ ጓዳ እስኪደርስ የሚጠወልገው ነው፦ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ሐበሻ ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ድንብላል። ቆስጣ የውጭ የውጩን ቅጠል እየቀነጠሱ መካከሉን ከተዉለት ለወራት ይመግባል፤ አሥር እግር ለአንድ ቤት ይተርፋል።

መደቦቹ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ይበሉ፤ ስፋታቸው ከሁለቱም ወገን እጅዎ መካከሉን የሚደርስበት፣ አንድ ሜትር ከሃያ ገደማ ይሁን፤ መቼም አይረገጡ። በመካከላቸው ያለው መተላለፊያ በክረምት ቦይ ይሆናል። በክረምት ጎመንና ቆስጣ ይበቃሉ፤ ዱባም በአጥሩ ላይ ይውጣ። ቲማቲም ግን በክረምት አይሞክሩ። ነሐሴ ላይ ቅጠሉ በአንድ ሳምንት ተቃጥሎ የሚጠቁርበት፣ ገበሬው «ምች መታው» የሚለው በሽታ፣ ከእርጥብ ቅጠልና ከቀዝቃዛ ሌሊት ጋር የሚመጣ ነው። ዘሩን በመስከረም መጀመሪያ በመደብ ወይም በላስቲክ ያፍሉት፤ በጥቅምት ያዛውሩት፤ ከጥር ጀምሮ ይለቅሙታል። በበጋ ደግሞ ቅጠሉን ከውስጥ እየቦረቦረ ነጣ ያለ ሰፊ ምልክት የሚተው ትል አለ፤ ቱታ የሚባለው ነው። የቦረቦረውን ቅጠል በየጠዋቱ ለቅመው በላስቲክ አስረው ፀሐይ ላይ ይጣሉት። አምስት እግር ቲማቲም ላለው ሰው ከመርጨት ይሄ ይሻላል፤ ልጆቹም ይወዱታል። ካሮት በዋልካ ላይ ሁለትና ሦስት እግር እያወጣ ይጣመማል፤ ከተመኙት ለስላሳ አፈር ባለው መደብ ብቻ ይዝሩት።

ወደ እምቦጩ ልምጣ። ጎረቤትዎ ግማሽ እውነት ነግረውዎታል። እምቦጭ በደንብ ሲብላላ ጥሩ ብስባሽ ይሆናል፤ በደረቅ ጓሮም አይበቅልም። ያልተብላላውን በዋልካ ላይ ማልበስ ግን ሁለት ችግር አለው። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሕያው ሆኖ ይቆያል፤ የእርስዎ የክረምት ጎርፍ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ አይጠፋዎትም። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ የታየውን አረም በሰው ጉልበት እያወጣን ሳለ በቦይ መልሰን መላክ አይገባም። ሌላው፣ ተክሉ በውሃው ውስጥ ያለውን ከባድ ብረት በሥሩ ይሰበስባል፤ የከተማው ፍሳሽ ከሚገባበት ዳር የተለቀመውን ቆስጣ መደብ ላይ አላደርግም። አበባ ከማውጣቱ በፊት፣ ከንጹሕ ዳር ከተለቀመ፣ ሥሩ ተቆርጦ ከፍግና ከደረቅ ገለባ ጋር ተከምሮ፣ እየተገላበጠ ሦስት አራት ወር ከቆየ ለዛፎቹ ጉብታ ይጠቀሙበት። ይህ ሁሉ ለእርስዎ ዕድሜ ድካም ከሆነ የበግ ፍግ ይግዙ።

ችግኝ ሲገዙ ላስቲኩን ከሥር ይመልከቱ፤ ሥሩ ቀድዶ ወጥቶ ከተጠማዘዘ በላስቲክ ውስጥ ብዙ ቆይቷል፤ ይለፉት። ረጅሙን አይምረጡ፤ ግንዱ የጠነከረውን፣ የተዳቀለበት ቦታ የዳነውንና ፕላስቲኩ የተፈታለትን ይምረጡ። አሁን ግን ምንም አይግዙ። ሦስቱን ጉድጓዶች አስቆፍረው ውሃው በየትኛው በስንት ሰዓት እንደወረደ፣ አሸንዳውም እንዳለና እንደሌለ ይጻፉልኝ። ጉብታዎቹ የት የት እንደሚቀመጡ ከዚያ በኋላ ንድፉን እልክልዎታለሁ፤ ለመስከረም ጊዜ አለን።